የጓሯችን አቮካዶ፤ ጸጋውና ጣጣው

እኩለ ሌሊት ላይ የቤታችንን የቆርቆሮ ጣሪያ አንድ ነገር በኃይል ይመታዋል። ድምፁን የማያውቅ እንግዳ ሌባ የገባ መስሎት ከአልጋው ብድግ ይላል፤ የቤቱ ሰው ግን «አቮካዶ ነው» ብሎ ወደ ሌላው ጎኑ ይገላበጣል። ጅማ ከተማ በሚገኘው የቤተሰባችን ግቢ ለብዙ ዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው። ዛፉ ከማጀቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ የእኛን ግቢ እኩሌታ፣ የጎረቤታችንንም ግቢ ጥቂት ያጠላል። እንዲህ ያለ ዛፍ በጓሯቸው ያላቸው አንባብያን የምንለው ወዲያው ይገባቸዋል፤ የሌላቸውም ከጎረቤት በሳህን ተልኮ የመጣላቸውን ፍሬ ያስታውሱ ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን የፍሬው ጣዕም ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዛፉ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ በሚል በቤታችን ብርቱ ሙግት ተነሥቶ ነበር። በዚያ ሙግት ላይ የሳይንስ ተማሪዎች የሆንነው እኛ ስለ ዛፉ ከማንም የተሻለ የምንናገረው ነገር ማጣታችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። አስተያየታችንም የሚመነጨው ከዚያ ነው። የግቢ ዛፍ ጣጣ የምንለው ነገር በአብዛኛው የዛፉ የአኗኗር ስልት ነው፤ ስልቱን ሳይጠይቁ መጥረቢያ ማንሣት ደግሞ ዛፍን ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ሰውንም ይጎዳል።

ክሱ ምን ነበር?

በዚያ የእሑድ ከሰዓት በኋላ በዛፉ ላይ የቀረበው ክስ ብዙ ነበር። አባታችን የጣሪያውን ቆርቆሮ መጎድጎድና የአሸንዳውን በቅጠል መደፈን አነሡ። ታላቅ ወንድማችን የሰፈሩ ልጆች ፍሬውን ለማውረድ በሚወረውሩት ድንጋይ ሁለት ጊዜ የተሰበረውን የመስኮት መስታወት ቆጠረ። እኅታችን ከሥሩ የተከለችው ጎመን ጥላው በዝቶበት ሳይፋፋ መቅረቱን ተናገረች። ከሁሉም የከበደው ክስ ግን የፍሬው ነገር ነበር፤ ዛፉ አንዱን ዓመት በጆንያ የሚለቀም ፍሬ ሰጥቶ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ዘምቢል እንኳ አይሞላም። በሰጠበት ዓመትም ለዘመድና ለጎረቤት ታድሎ፣ ለጉልት ነጋዴዎች ተሽጦ የተረፈው መሬት ላይ ይበሰብሳል፤ ዝንብም ይሰበስባል።

የዛፉ ጠበቃ እናታችን ብቻ ነበሩ። «አንድ ዓመት ቢያርፍ ምን ይላችኋል? እናንተስ ክረምት ሲመጣ አታርፉም?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ መልስ ግን አልሰጠናቸውም። እሳቸው በቀልድ የተናገሩት ቃል ከእኛ የትምህርት ቤት ዕውቀት ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ እንደ ነበር የተረዳነው ኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ክስ በእኛ አገር ብቻ የሚሰማ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ጥቁር ዋልነት የተባለው የለውዝ ዛፍ በግቢያቸው የበቀለ ሰዎችም ተመሳሳይ እሮሮ አላቸው። ፍሬው በመኪናና በጣሪያ ላይ ይወድቃል፤ አረንጓዴው ሽፋኑ የነካውን እጅ ለብዙ ቀናት የማይለቅ ጥቁር ቡናማ ያደርገዋል፤ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ጁግሎን የተባለ ውህድ በአቅራቢያው የተተከለውን ቲማቲም ያጠወልጋል። ይሁንና ባለቤቱን የሚያማርረው ይኸው ኬሚካል ዛፉ ከተቀናቃኞቹ ጋር የሚታገልበት መሣሪያ ነው። ጸጋውን ከጣጣው መለየት የማይቻልበት ዛፍ በየአገሩ አለ ማለት ነው።

ጣሪያውን የሚመታው ማን ነው?

የአቮካዶ ዛፍ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፐርሲያ አሜሪካና፣ ጥንተ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ስሙም የመጣው በሜክሲኮ ከሚነገረው የናዋትል ቋንቋ ነው። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን በመጀመሪያ የተከሉትም በሂርናና በወንዶ ገነት የነበሩ የግል አትክልተኞች እንደ ነበሩ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ በጅማ፣ በሲዳማ፣ በወላይታና በሌሎችም አካባቢዎች ዛፉ ከቡናና ከእንሰት ጎን የቆመ የግቢ ቤተኛ ሆኗል።

ይህ እንግዳ ታዲያ ስለ ምን እንዲህ ያለ ከባድ ፍሬ ይጥልብናል? ማንጎን ወይም ዘይቱንን የሌሊት ወፍና ወፎች እየበሉ ዘሩን ሲበትኑ እናያለን። የአቮካዶ ፍሬ ግን በውስጡ የያዘው አንድ ትልቅ ዘር ነው፤ ያን ዘር ውጦ ወደ ሩቅ ስፍራ ሊወስድ የሚችል እንስሳ በግቢያችንም ሆነ በዛሬው የመካከለኛው አሜሪካ ደን ውስጥ ለማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዳንኤል ጃንዘንና ፖል ማርቲን የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ መላ ምት አቅርበው ነበር። በእነርሱ አስተሳሰብ፣ በመካከለኛው አሜሪካ የሚገኙ ትልልቅ ፍሬ ያላቸው አንዳንድ ዛፎች ዘራቸውን ያሠራጩላቸው የነበሩት ዛሬ ከምድር የጠፉ ግዙፍ እንስሳት ናቸው። ከእነዚህም መካከል ዝሆን መሰል አጥቢዎችና መሬት ላይ የሚኖሩ ግዙፍ ስሎዞች ይገኙባቸዋል፤ የጠፉትም ከ10,000 ዓመታት በፊት ነው። አቮካዶም ከእነዚህ ዛፎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

መላ ምቱ እውነት ከሆነ፣ ሌሊት ጣሪያችንን የሚመታው ፍሬ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ለሞተ እንግዳ የቀረበ ማዕድ ነው። ዛፉ እንግዳው መሞቱን አልሰማም፤ ማዕዱን ዛሬም በየጊዜው ያቀርባል። የዚያን እንስሳ ሥራ የወሰደው ሰው ነው። ከሜክሲኮ እስከ ጅማ ዘሩን ያደረሰው የሰው እጅ እንጂ የእንስሳ ሆድ አይደለም።

አንዱን ዓመት መስጠት፣ አንዱን ዓመት መንሣት

የአቮካዶ ፍሬ ከሌሎች ፍሬዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ዛፉ ላይ እንዳለ አይበስልም። መጠኑን ጨርሶ ካደገ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ዓይነት ለወራት፣ ጠንካራ እንደ ሆነ ከቅርንጫፉ ላይ ይቆያል። መለስለስ የሚጀምረው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። እናታችን የተቀጠፈውን ፍሬ ከበሰለ ሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልለው የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የበሰለ ሙዝ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ይህም ጋዝ አቮካዶው ቶሎ እንዲበስል ያደርገዋል።

ይህ ጠባይ ለባለቤቱ ታላቅ ጸጋ ነው። ዛፉን እንደ ጎተራ እንጠቀምበት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ጾም ሲገባ፣ ስፕሪስ ሲያምረን ጫፉ መንጠቆ ባለው ረጅም ዘንግ የሚበቃንን ያህል አውርደን ሌላውን እንተወዋለን። በጾም ወቅት ሥጋና ቅቤ ከገበታ ሲርቁ፣ ሎሚ የተጨመቀበትና ቃሪያ የተከተፈበት አቮካዶ በትኩስ ዳቦ ምን ያህል እንደሚያጠግብ ለአንባብያን መንገር አያሻንም። ፍሬው የያዘው ቅባት በአብዛኛው በወይራ ዘይትም ውስጥ የሚገኘው ኦሌይክ አሲድ ነው።

ነገር ግን የተመካንበት ጎተራ ራሱ የክሱ ምንጭ ነበር። ዛፉ በቅርንጫፉ ላይ የተሸከመውን ፍሬ ለመመገብ ያከማቸውን ስኳርና ስታርች ያወጣል፤ ከዚህም በላይ የፍሬው ብዛት ለሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚያወጡት እንቡጦች እንዳይበረክቱ ያግዳል። ፍሬው በዛፉ ላይ በቆየ ቁጥር ጫናው ይጨምራል። እንግዲህ ዛፉን «ሰነፍ» ብለን የከሰስነው እኛ፣ ያደገውን ፍሬ ለወራት አሸክመነው ስለ ነበር ነው። መድኃኒቱም መጥረቢያ ሳይሆን በወቅቱ መልቀም ነው። ፍሬ በበዛበት ዓመት ቀደም ብሎ ማውረድ የዓመቱን ልዩነት ፈጽሞ ባያጠፋውም ያለዝበዋል፤ ጣሪያውንም ያሳርፈዋል። እናታችን «ይረፍ» ያሉትም ይህንኑ ነበር።

የጎረቤታችን ጉቶ

የእኛ ቤት ሙግት ሳያልቅ ጎረቤታችን የራሳቸውን አቮካዶ አስቆረጡ። እንጨቱ ለማገዶ ዋለ፤ ግቢያቸውም ብርሃን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የእኛ ዛፍ አበባው እንደ ወትሮው ቢሆንም ፍሬው እጅግ አነሰ፤ ከዚያ በኋላ በመጣው፣ ብዙ እንጠብቅበት በነበረው ዓመትም አልካሰም። ያን ጊዜ ነው የአበባውን ነገር ማንበብ የጀመርነው።

አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ በአንድ ወቅት እስከ አንድ ሚሊዮን አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ ከእነዚህም ከሺህ አንዱ እንኳ ፍሬ ሆኖ ለመለቀም አይበቃም። እያንዳንዱ አበባ የሴቴም የወንዴም አካል አለው፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። አበባው ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴቴ ሆኖ፣ ተዘግቶ ካደረ በኋላ ደግሞ ወንዴ ሆኖ። ዛፎችም በዚህ ሥርዓት ሁለት ወገን ናቸው። «ሀ» ብለን የምንጠራው ወገን አበባው ጠዋት ሴቴ ሆኖ ይከፈታል፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንዴ ሆኖ ይመለሳል። «ለ» የምንለው ወገን በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ ሴቴ፣ በማግስቱ ጠዋት ወንዴ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት የአንዱ ወገን አበባ ብናኝ ለመቀበል ሲዘጋጅ የሌላው ወገን ብናኙን ይዞ ይጠብቃል፤ ከሰዓት በኋላም ተራው ይገለበጣል። ንብና ዝንብ በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ሐስ የተባለው ዝርያ ከ«ሀ» ወገን ነው፤ ፉዌርቴና ኤቲንገር ከ«ለ» ወገን ናቸው።

አየሩ ሲቀዘቅዝ ይህ ሰዓት ስለሚዛባ አንድ ዛፍ ብቻውንም ቢሆን ጥቂት ሊያፈራ ይችላል። ቢሆንም ተቃራኒው ወገን በአቅራቢያ ሲኖር ፍሬው ይበረክታል። እኛም ለሦስት ቀናት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከዛፉ ሥር ቆመን አበባውን ተመለከትን። ጠዋት የተከፈቱት አበቦች የወንዴ ዘንጎቻቸው ወደ ጎን ተኝተው መካከለኛዋ የሴቴ ዘንግ ብቻዋን ቆማ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የተከፈቱት ደግሞ የወንዴ ዘንጎቻቸው ቀጥ ብለው ብናኝ ይዘው ነበር። ዛፋችን ከ«ሀ» ወገን ነው። የጎረቤታችን ዛፍ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ ግን ለማወቅ አልቻልንም፤ ጉቶ አያብብም። አንድ ዛፍና ሁለት ወቅት አይተን ምክንያቱ ይኸው ነው ብለን አንደመድምም፤ የዝናቡም የንቡም ነገር ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን ጥያቄው ሊመለስ የሚችልበት ዕድል ከዛፉ ጋር መቆረጡን እናውቃለን።

ቅጠሉና ፍየሏ

ስለ ቅጠሉ ሁለት ስሕተት ሠርተናል፤ አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ ነው። ቀላሉ ስሕተታችን ቅጠሉን በየሳምንቱ ጠርገን ማቃጠላችን ነው። የአቮካዶ ሥር ጥልቀት የለውም፤ ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮቹ በአብዛኛው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ናቸው። በሥሩ ላይ የተነጠፈው ቅጠል እርጥበት ይጠብቃል፤ ሲበሰብስም በውስጡ የሚራቡት ደቂቅ ተሕዋስያን ፋይቶፍቶራ የተባለውን ሥር አበስባሽ ተሕዋስ ይታገሉለታል። ቆሻሻ ብለን ያቃጠልነው የዛፉ መደረቢያ ነበር። አሸንዳውን ማጽዳት ግድ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ግን መተው ይገባ ነበር።

ከባዱ ስሕተት የቆየ ነው። ልጆች ሳለን አያታችን አንዲት የምትታለብ ፍየል ነበረቻቸው። አንድ ቀን ፍየሏን ደስ ለማሰኘት ብለን ከአቮካዶው ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጠን ሰጠናት። በማግስቱ ጡቷ አብጦ ወተቷ ደረቀ። በዚያው ሰሞን ፍሬ ልትገዛ ወደ ግቢያችን የምትመጣ አንዲት የጉልት ነጋዴ ፍየሏን አይታ «እንዴት ያማረች ናት!» ብላ ነበርና «ዓይን በላት» ተባለ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገራትም፤ ግን ቡና አልተጠራችም፤ በሩም እንደ ቀድሞው አልተከፈተላትም። ሴትዮዋ ገባትና መምጣቷን ተወች።

የአቮካዶ ቅጠል ፐርሲን የተባለ መርዝ እንዳለው ያነበብነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። ፍሬው ለሰው ምግብ ነው፤ ቅጠሉ ግን ለፍየል፣ ለበግ፣ ለላም፣ ለፈረስና ለወፎች ጎጂ ነው። የምታጠባ ፍየል ስትበላው የጡቷ ዕጢ ይጎዳል፤ ወተቷም ይቀንሳል ወይም ይቆማል። መጠኑ ሲበዛ የልብ ጡንቻን ይጎዳል። ዛፉ ቅጠሉን ከሚበሉት እንስሳት ራሱን የሚከላከለው በዚህ ነው። ያነበብነውን ስንጨርስ ዝም ተባባልን። ቅርንጫፉን የቆረጥነው እኛ ነን፤ የተቀጣችው ሌላ ሰው ናት። አያታችን ዐርፈዋል፤ ሴትዮዋንም በገበያው ፈልገን አላገኘናትም።

ሳይንስ በፈተና ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ ያስተማረን የለም። ምክንያቱ ያልተጠየቀ ነገር ባዶውን አይቀመጥም፤ ስፍራውን ጥርጣሬ ይይዘዋል፤ ጥርጣሬም ሰው ይፈልጋል።

ከመጥረቢያው በፊት

ሩዶልፍ ሐስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስታ አመላላሽ በ1920ዎቹ በግቢው አንድ የአቮካዶ ችግኝ ነበረው። የታወቀ ዝርያ ሊያዳቅልበት ሞክሮ ስላልያዘለት ሊቆርጠው አስቦ እንደ ነበር ይነገራል። ዛፉ ግን ተተወ፤ አፈራ፤ ፍሬውም ተወደደ። ሐስ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው አቮካዶ አብዛኛው ከዚያ ከአንድ የግቢ ዛፍ በማዳቀል የመጣ ነው። እናቲቱ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ2002 በሥር መበስበስ ሞተች። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን በትክክል ስለማይመስል፣ በየጓሯችን የቆሙት ዛፎች እያንዳንዳቸው በዓለም ላይ አምሳያ የላቸውም። ከእነርሱ መካከል የነገው ሐስ ይኑር አይኑር ማወቅ የሚቻለው ቆመው ሲቆዩ ነው።

ዛፍ ከቶ አይቆረጥ አንልም። የቤት መሠረት የሚገፋ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነካ፣ የታመመ ዛፍ ሊቆረጥ ይችላል። የምንለው፣ ፍርዱ ምርመራውን አይቅደም ነው። በዚህ መጽሔት አንባቢ በሆነ ተማሪ ግቢ አንድ ዛፍ ካለ፣ ላቦራቶሪውም እዚያው አለ። ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃዋል። አበባው በስንት ሰዓት ተከፈተ? ምን ዓይነት ነፍሳት ጎበኙት? ስንት ፍሬ ተለቀመ፣ በየትኛው ወር? ቅጠሉን የሚበላው ማነው፣ ከበላስ በኋላ ምን ሆነ? እነዚህን በተከታታይ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት የጻፈ ተማሪ፣ በቤተሰቡ ሙግት ላይ እንደ እኛ አንገቱን አይደፋም።

የእኛ ዛፍ አልተቆረጠም። ባለፈው ዓመት በጣሪያው ላይ ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ብቻ አስገርዘን፣ በሌላው ቅርንጫፍ ላይ ከችግኝ ጣቢያ ያመጣነውን የ«ለ» ወገን ቡቃያ አዳቀልንበት። ይዟል፤ ገና አላበበም። ጉቶ የቀራቸው ጎረቤታችን ፀሐይ ሲበረታ ወንበራቸውን ይዘው ወደ እኛ ጥላ ይመጣሉ፤ በዚያም ቡና ይጠጣሉ። የመንደሩ ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩ መንጠቆው ዘንግ በአጥሩ ላይ ተሰቅሎላቸዋል።

ትናንት ሌሊትም ጣሪያው ሁለት ጊዜ ተመትቷል። ጠዋት ተነሥተን ደብተሩ ላይ አስፍረነዋል።